ሳመስ ሪተርንስን ጨረስኩት፤ ለምትጀምሩት ልንገራችሁ

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሜትሮይድ ሳመስ ሪተርንስ የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ጨረስኩ። መብራት ከምሽቱ ጀምሮ ጠፍቷል። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ውጪ ዝናብ ይወርዳል፣ የምታበራው በእጄ ያለችው ትንሿ ስክሪን ብቻ ናት። የጨዋታው ሰዓት 14 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይላል። ከዕቃው 78 በመቶውን ሰብስቤያለሁ። ወዲያው ጎንደር ላለው ወንድሜ ደወልኩለት። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፣ "ምን ሆናችሁ? እማዬ ደህና ናት?" ብሎ ነው ያነሳው።

"ደህና ናት አያ። ሳመስን ጨረስኩት" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ትንሿን አልገደልሻትም አይደል?" አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። ልጆች ሳለን የአክስታችን ልጅ ከውጭ መጥቶ ባህር ዳር እኛ ቤት ከረመ። ጌም ቦይ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ይዞ ነበር፣ ካሴቱም ሁለተኛው ሜትሮይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው። ጌም ቦይ አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ጥቂት ደቂቃ እናገኝበት ነበር፣ በክረምት ደግሞ ፀሐይዋ ራሷ በልመና ናት። ጨዋታው ካርታ የለውም። ቀለምም የለውም፣ ዋሻው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወንድሜ ከሒሳብ ደብተሩ ወረቀት ገንጥሎ መንገዱን በእርሳስ እየሳለ ነበር የሚሄደው። እኔ ተራ አይደርሰኝም፤ ትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ አያለሁ። መስከረም ሲጠባ የአክስታችን ልጅ ጌም ቦዩን ይዞ ሊሄድ ሆነ፣ በዋዜማው ሌሊት ወንድሜ ቁጭ ብሎ ጨረሰው፣ እኔ ግን እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። መጨረሻውን በማግስቱ ሲነግረኝ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ዓመታት ሙሉ የዚህን ጨዋታ መጨረሻ የማውቀው በወሬ ነው።

ሳመስ ሪተርንስ ያንኑ ጨዋታ እንደ አዲስ ሠርቶ ያመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ 3ዲኤስ መሣሪያ ወጣ። የሠራው መርኩሪስቲም የሚባል የስፔን ስቱዲዮ ከኒንቴንዶ ጋር ሆኖ ነው፣ ፕሮዲውሰሩም የሜትሮይድን ስም ከጥንት ጀምሮ የተሸከመው ዮሺዮ ሳካሞቶ ነው። ፕላኔቷ ያችው ናት፣ ተልዕኮውም ያው፦ ሳመስ የምትባለዋን ጀግና ይዞ ወደ ታች ወርዶ የሕያዋንን ጉልበት የሚመጥጡትን ሜትሮይዶች ማጥፋት። የቀረው ሁሉ ግን ከመሠረቱ ተለውጧል።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው ልናገር፣ ገንዘብ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነውና። ጨዋታው የተሠራው ለ3ዲኤስ ነው። 2ዲኤስ ላይም ይሠራል። የ3ዲኤስ የኢንተርኔት መደብር ከማርች 2023 ወዲህ ሽያጭ አቁሟል፣ ስለዚህ ካሴቱን ራሱን መፈለግ አለባችሁ። ለእኔ ያገለገለች 3ዲኤስ አሜሪካ ያለች ዘመዳችን ላከችልኝ። ካሴቱን ደግሞ ከአውሮፓ ከመጣ ሰው አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ስከተው አልከፍት አለ። ጠረግኩት፣ ነፋሁበት፣ ደጋግሜ ከተትኩት፣ ወይ ፍንክች። ለካ 3ዲኤስ በአካባቢ የተቆለፈ ነው። የአሜሪካው መሣሪያ የአሜሪካን ካሴት ብቻ ነው የሚያነበው፣ የአውሮፓውም የአውሮፓን፣ የጃፓኑም የጃፓንን። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ትክክለኛው ካሴት እስኪመጣልኝ አምስት ወር ጠበቅኩ። እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያችሁ የየት እንደሆነች ዕወቁ፣ ከዚያ ካሴቱም የዚያው መሆኑን ጠይቁ።

ቻርጀሩም ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከመሣሪያዋ ጋር የመጣልኝ 120 ቮልት ይላል፣ የእኛ ሶኬት 220 ነው፤ ዝም ብላችሁ ከሰካችሁት ይቃጠላል። እኔ በዩኤስቢ ገመድ ነው የምሞላት። ገመዱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ከፓወር ባንክ ጋር ስለሚሠራ በዚህም ጠቅሞኛል።

ሌላ ደግሞ፣ ቀን ላይ ደጅ አትጫወቱት። ዘጌ ለቅሶ ልንደርስ በጀልባ ስንሄድ መንገዱን ልገፋበት ብዬ ይዤው ነበር። ፀሐዩ ውኃው ላይ እያንጸባረቀ ስክሪኗ ላይ የራሴን ፊት ብቻ አሳየኝ። ጨዋታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዋሻ ነው፣ ጨለማ ይወዳል። ጆሮ ማዳመጫም አድርጉ። ሜትሮይድ ሲቀርብ ታችኛው ስክሪን ላይ ያለው ጠቋሚ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል፣ በቀረባችሁ ቁጥር እየፈጠነ ይሄዳል፤ ያ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ልብ ያቆማል።

ወደ ጨዋታው እንግባ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መልሶ ማጥቃቱ ነው። ጠላት ሊዘልባችሁ ሲል ብልጭ ይላል፣ በዚያች ቅጽበት የኤክስ ቁልፉን ከተጫናችሁ ሳመስ በክንዷ መልሳ ትመታዋለች፣ ተከትሎ የሚወጣው ተኩስ አብዛኛውን ጊዜ በአንዴ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ላይ ጠላሁት። ገና ጥይቷ ደካማ ስለሆነ ትንንሽ ነፍሳት ሳይቀሩ በቀላሉ አይሞቱም፣ እናም በየክፍሉ ቆሞ መጠበቅ ሆነብኝ፤ ልሮጥ ስል ያስቆመኛል። ከሦስትና አራት ሰዓት በኋላ ግን እጄ ለመደው። የምትተኩሳቸው ጨረሮች ሲጠነክሩ ደግሞ የግድ አይሆንም፣ እየሮጣችሁ ታልፋላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ሰልችቷችሁ እንዳትተዉት። በተለይ ትልልቆቹ ሜትሮይዶች ላይ መልሶ መምታት ሲሳካ ሚሳይል ለመደርደር ሰፊ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ያንን ካልተማራችሁ ከመሃል በኋላ ያለው ፍልሚያ በጣም ይከብዳል።

ከዚያ ማነጣጠሩ አለ። በድሮው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ብቻ ነበር። አሁን ኤልን ይዛችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ማነጣጠር ይቻላል፣ አርን ስትጨምሩ ሚሳይል ይሆናል። ሁለቱንም ጣት ለረጅም ጊዜ መያዝ ያደክማል። እኔ በየአርባ ደቂቃው እጄን አሳርፋለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ሳላርፍ ሦስት ሰዓት ተጫውቼ በማግስቱ የግራ አውራ ጣቴን ማጠፍ አቅቶኝ ዋለ።

ካርታው ታችኛው ስክሪን ላይ ሁልጊዜ አለ። ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን የወንድሜ የእርሳስ ወረቀት ነበር የታየኝ። ባለቀለም ምልክትም መሰካት ይቻላል፣ ይህን ገና ከመጀመሪያው ተጠቀሙበት። መክፈት ያልቻላችሁትን በር ወይም ግድግዳ ስታገኙ አንድ ቀለም፣ ልታወጡት ያልቻላችሁት ዕቃ ስታዩ ሌላ ቀለም ሰክታችሁ ሂዱ። እኔ አስታውሰዋለሁ ብዬ ብዙውን ሳልሰካ አልፌ፣ በኋላ ሱፐር ሚሳይሉን ሳገኝ የት እንደምመልሰው ጠፋኝ። ያላገኘሁት 22 በመቶ ዕቃ አብዛኛው እዚያ የቀረ ይመስለኛል።

ስካን ፐልስ የሚባል ችሎታም ቶሎ ይሰጣችኋል። ስትጠቀሙበት ዙሪያውን ያለውን ካርታ ይገልጣል፣ የሚሰበረውንም ድንጋይ ያሳያል። እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገርና የፈለጋችሁትን አድርጉ፦ በየክፍሉ አትጠቀሙበት። የዚህ ጨዋታ ጣዕም ግድግዳ መጠራጠር ነው። "ይሄ ጥግ ለምን ባዶ ሆነ?" ብሎ ቦምብ ማስቀመጥ ነው። እኔ መጀመሪያዎቹ ሁለት አካባቢዎች ላይ አሥር እርምጃ በሄድኩ ቁጥር ስካን እያደረግኩ ሁሉንም አገኘሁ፣ አንዱንም ግን አላስታውሰውም። ከሦስተኛው ጀምሮ ተውኩት፣ በጣም ስጨነቅ ብቻ። ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸውን ሚሳይሎች ዛሬም የት እንደነበሩ ልነግራችሁ እችላለሁ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ፕላኔቷ ኤስአር388 ትባላለች። መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ቁልቁለቱን ሐምራዊ ፈሳሽ ይዘጋዋል፣ የገባችሁበት እንደሆነ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። ከምትገድሏቸው ሜትሮይዶች ዲኤንኤ ትወስዳላችሁ፣ ያንን ቾዞ የሚባሉት የጥንት ሕዝቦች ባቆሙት ማኅተም ላይ ስታስገቡ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፈሳሹ ይጎድላል፣ ከሥር አዲስ ዋሻ ይወጣል። አርባ ሜትሮይድ ነው የሚገደለው፣ ስለዚህ ፈሳሹ በየተወሰነው እየጎደለ ነው ጨዋታው ሙሉ የሚሄደው።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ይሸሻል። ፎገራ ያሉት የእናቴ ወገኖች ውኃው የለቀቀውን መሬት ባህር ሸሽ ይሉታል፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ጓያና ሽምብራ ይዘሩበታል። ልጅ ሆኜ እነሱ ጋ ስሄድ በጥቅምት ታንኳ የሄደበትን ቦታ በየካቲት በእግሬ ስረግጠው የሚሰማኝ ነገር ነበር፣ ስሙን አላውቀውም፣ ያው አፈር ነው ግን ተሸሽጎ የነበረ አፈር ነው። ዓይኔ ከመሬት አይነሳም። ቀንድ አውጣ፣ የተበጠሰ መረብ፣ አንድ ጊዜ ሳይሰበር የተቀመጠ ገንቦ አግኝቻለሁ። ይህ ጨዋታ ያንን ስሜት መለሰልኝ። ፈሳሹ ሲጎድል ሁሉም ሰው በቀጥታ ወደ ታች ይሮጣል፣ የእህቴም ልጅ እንደዚያው አደረገ። እናንተ አትሩጡ። ፈሳሹ የነበረበትን ጠርዝ ተከትላችሁ ሂዱ። ቀድሞ ከላይ ሆናችሁ ያላያችሁት ቀዳዳ እዚያ ጎን ላይ ይገኛል፣ እኔ የጉልበት ታንክ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አግኝቻለሁ።

የማልወደውን አልደብቅም። ሜትሮይዶቹ አርባ ይሁኑ እንጂ ዓይነታቸው ጥቂት ነው። አልፋ፣ ጋማ፣ ዜታ፣ ኦሜጋ እያሉ ያድጋሉ። አልፋን ብቻ ስንት ጊዜ እንደገደልኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ አሥረኛው ላይ እጄ በራሱ ይሠራል፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጋማዎቹ ደግሞ ልትጨርሷቸው ስትሉ በቀዳዳ አምልጠው ሌላ ክፍል ይገባሉ። አንዴ ጥሩ ነው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ያናድዳል። በአንድ ቁጭታ ብዙ አትጫወቱት፣ በቀን አንድ አካባቢ በቂ ነው።

ከዚያ ዲገርኖት አለ። ይህ ከቾዞዎች የቀረ መሬት ቆፋሪ ሮቦት ነው። መጀመሪያ ያሳድዳችኋል፣ እዚያ መሮጥ ብቻ ነው። በኋላ ግን ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨዋታውን እንደሚተወው እገምታለሁ። እኔም ልተወው ደርሼ ነበር። ሦስት ማታ ሞከርኩ። የተማርኩትን እነሆ። አንደኛ፣ ከመግባታችሁ በፊት ጉልበታችሁንና ሚሳይላችሁን ሙሉ፣ ሴቭ አድርጉ። የመብረቅ ጥሩር የሚባለውን ችሎታ አብሩት፤ የሚመታችሁን እሱ ይቀበልላችኋል፣ ኃይሉ እስኪያልቅ ድረስ። ሁለተኛ፣ አትቸኩሉ። ቀይ የሆነውን ቦታውን ሲያሳይ ብቻ ተኩሱ። አየር መሳብ ሲጀምር ወደ ኳስነት ተለውጣችሁ ቦምብ አስቀምጡለት፣ እሱ ራሱ ስቦ ይውጠዋል። ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመቱ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እያየ ነበርና "እትዬ፣ አፉን ሲከፍት ለምን አታበይውም?" አለኝ። እኔ ሦስት ማታ ሙሉ ከሚስበው አየር ስሸሽ ነበር።

እሱ ልጅ ደግሞ ሳመስ ሴት መሆኗን አያውቅም ነበር። ጥሩሩ ትልቅ ነው፣ ወንድ መስሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያው ሜትሮይድ መጨረሻ ላይ የራስ ቁሯን አውልቃ ስትታይ የያኔ ልጆችም እንደሱ ደንግጠዋል። ስነግረው ለአፍታ አሰበና "ታዲያ ለዚህ ነዋ ዲገርኖትን አትፈሪው የምልሽ" አለኝ።

ከዚህ በታች መጨረሻውን ስለምናገር ያልጨረሳችሁ እዚህ አቁሙ።

ያን ጠዋት ወንድሜ የነገረኝ እንዲህ ነው። የሜትሮይዶቹ ንግሥት ከሞተች በኋላ አንድ እንቁላል ይቀራል። ሳመስ ልትተኩስ ትቀርባለች፣ እንቁላሉ ይሰነጠቃል፣ ትንሽ ሜትሮይድ ይወጣና ሳመስን እናቴ ብሎ ይከተላታል። ሳመስ መሣሪያዋን ታወርዳለች። ከዚያ ጠላት የሚባል የለም። ሁለቱ ብቻቸውን ወደ ላይ፣ ወደ መርከቧ ይወጣሉ። ትንሿ ከፊት ሆና መንገድ የዘጋውን እየበላች ትከፍትላታለች። "ምንም አልተፈጠረም" አለኝ ወንድሜ፣ "ዝም ብለው ወጡ።" ያኔ ልጅ ሆኜ ይህ "ምንም አልተፈጠረም" የሚለው ነው የገረመኝ። ያን ሁሉ ገድላ ገድላ አንዷን ልትገድል አልቻለችም፣ ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አላመሰገናትም። ለዓመታት ያንን ዝምታ ለማየት ስመኝ ኖርኩ።

አዲሱ ዝምታውን አሳጥሮታል። ትንሿ አለች፣ ትከተላችኋለች፣ ክሪስታሉን እየበላች ከኋላው የተሸሸጉ ዕቃዎችን ታወጣላችኋለች፣ ይህ ደስ ይላል። በመንገዱ ላይ ጠላት ግን አሁንም አለ። መርከቧ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሪድሊ የሚባለው ዘንዶ መሳይ የሳመስ የቆየ ጠላት ከሰማይ ይወርዳል። ግዙፍ ፍልሚያ ነው፣ ሥራው ቆንጆ ነው፣ ትንሿም እንደ እውነተኛ ጓድ አብራችሁ ትዋጋለች። ሰባት ጊዜ ሞቼ በስምንተኛው አሸነፍኩ። እጄ ላብ ሆኖ ነበር። ግን ልቤ አልሞላም። የፈለግኩት ፍልሚያ አልነበረም። ሌላው ጨዋታ ሁሉ መጨረሻው ላይ ትልቅ ጠላት አለው፣ የዚህኛው ክብር ያ አለመኖሩ ነበር።

ሠሪዎቹ ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል። የድሮውን የማያውቅ ሰው አርባ ሜትሮይድ ገድሎ፣ ንግሥቲቱን ጥሎ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ተራራ ቢወጣ ጎደለ ይላል። ሪድሊን ለሚወዱም ስጦታ ነው። እኔ ግን ብጠየቅ ከንግሥቲቱ በኋላ ያለውን መንገድ ባዶ እተወው ነበር። ሙዚቃውን እንኳ ዝቅ አደርገዋለሁ።

ያም ሆኖ ግዙት እላለሁ። ካርታ መሥራት የሚወድ፣ የተዘጋ በር የማያስተኛው ሰው ይወደዋል። ቶሎ ቶሎ ታሪክ ለሚፈልግ፣ ንግግር ለሚፈልግ አይሆንም፤ ሳመስ አንድ ቃል አትናገርም። እንግሊዝኛ ብዙም አያስፈልግም፣ የእህቴ ልጅ ያለ ችግር ይጫወተዋል። ከጨረሳችሁ በኋላ ከባድ ደረጃው ይከፈትላችኋል። ከዚያ የሚከብደው ፊውዥን የሚባለው ግን የሚከፈተው ለብቻው በሚሸጥ አሚቦ በሚባል አሻንጉሊት ነው፣ እሱን ደግሞ ባህር ዳር አታገኙትም። ገንዘብ የከፈሉበት ካሴት ውስጥ ያለን ነገር በአሻንጉሊት መቆለፍ ልክ አይደለም። ዕቃውን ሁሉ መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ የቾዞዎችን ትውስታ የሚያሳዩ ሥዕሎች ይከፈቱላችኋል፣ እኔም የቀረኝን 22 በመቶ የምፈልገው ለእነሱ ስል ነው።

ለወንድሜ ያን ሌሊት ስለ ሪድሊ ስነግረው "እንዴት? መጨረሻው ላይ?" አለ። አዎ አልኩት። "እኔስ ባላየሁት ይሻለኛል" አለና ትንሽ ቆይቶ "ለጥምቀት ስትመጪ ግን ይዘሽው ነይ" አለኝ። እስከዚያ ካሴቱ በእህቴ ልጅ እጅ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደውሎልኝ ነበር፤ ሃያ ሰባት ቀርተውታል፣ አንዷን አጥቷታል፣ ጠቋሚው ይጮሃል ክፍሉ ግን ባዶ ነው። የት እንዳለች አውቃለሁ። ጠርዙን ተከተል ብቻ አልኩት።